ትንሹን ለምን ጣሉት? ጠመንጃ ስለሚሆኑት ትንንሽ ሮቦቶች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ልጆች መጫወቻ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው ለእህታቸው ልጅ የመጣ አንድ ካርቶን ያገለገለ አሻንጉሊት ሲለዩ፣ ከትልልቆቹ የትራንስፎርመርስ ሮቦቶች (ወደ መኪናና አውሮፕላን ከሚለወጡት መጫወቻዎች) ሥር አውራ ጣት የሚያካክሉ ነገሮች አገኙ። ሲያጥፏቸው ጠመንጃ፣ ሲዘረጓቸው ባለ እጅና እግር ሮቦት ይሆናሉ። ትልልቆቹን አጥበው ለልጁ ሰጡት፤ ትንንሾቹን ቆሻሻ ውስጥ ጨመሯቸው። ከዚያም ምክንያታቸውን በአምስት ነጥብ አስቀመጡ፦ ኩባንያው ተጨማሪ ገንዘብ ለመልቀም ከሮቦቱ ገንጥሎ ስም ያወጣላቸው መለዋወጫዎች ናቸው፤ ልጅን ከጠመንጃ ጋር ያላምዳሉ፤ አሠራራቸው የረባ አይደለም፤ ልጅ ያንቃሉ፤ እነሱን እየፈለጉ መሰብሰብም ገንዘብ መበተን ነው።

ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ከአምስቱ ነጥቦች በአንዱ ያለ ቅሬታ እስማማለሁ፤ በሌሎቹም ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ እነዚህን ትንንሾች ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰበስብና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መጣላቸውን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለዋወጫ ናቸው ለሚለው።

ጸሐፊው ጠመንጃው ከሮቦቱ ተገንጥሎ ለብቻው ተሸጠ ይላሉ። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ሀስብሮ ከጃፓኑ አቻው ታካራ ጋር ተስማምቶ ትራንስፎርመርስን በ1984 ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ጠመንጃው መጀመሪያውኑ የተለየ ዕቃ ነበር። የደጎቹ ሮቦቶች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ጠመንጃውን በጡጫው ቀዳዳ ሰክቶ ይይዛል። ያ ጠመንጃ ፊትም ስምም የሌለው ቁራጭ ፕላስቲክ ነው፤ ሮቦቱ መኪና ሲሆን ይነቀልና ወለል ላይ ይቀራል፤ ልጁም ይረሳዋል። በ1987 ታርጌትማስተርስ የተባሉት፣ ማለትም ጠመንጃቸው ራሱ ትንሽ ሮቦት የሆነላቸው ሮቦቶች፣ ሲመጡ የተደረገው፣ ለዚያ ሲረሳ ለኖረ ቁራጭ እግርና ፊት መስጠት ነው። በአሜሪካ በተጻፈላቸው የልብ ወለድ ታሪክ እነዚህ ትንንሾች ኔቡሎስ ከሚባል ፕላኔት የመጡ፣ ከትልልቆቹ ጋር ቃል የተጋቡ ሰዎች ናቸው። ትጥቅ ለብሰው ራሳቸውን ወደ መሣሪያ ይለውጣሉ፤ ትልቁ ይይዛቸዋል፤ ሲያልቅ ደግሞ በእግራቸው ቆመው ይሄዳሉ።

የገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ ነገር እኔው ልጨምርላቸው። በ1987 ከወጡት 11 ታርጌትማስተርስ ውስጥ አምስቱ፣ ማለትም ሆት ሮድ፣ ከፕ፣ ብለር፣ ሳይክሎነስና ስከርጅ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተሸጡት ሮቦቶች ናቸው። ትንሽ ጓደኛ ተጨመረላቸውና በአዲስ ካርቶን ተመለሱ። የ1986ቱን የገዛ ወላጅ በዓመቱ ያንኑ ሮቦት ዳግም ግዛ ተባለ ማለት ነው። ይህ ለገንዘብ የተደረገ ነው፤ ልከላከለው አልሞክርም። ስድስቱ ግን ከመነሻቸው ባለ ሁለት ሆነው የታሰቡ ናቸው፤ ነገሩ የገባኝም በእነሱ ነው።

ከስድስቱ አንዱ ሚስፋየር ይባላል። ዒላማ መምታት የማይሆንለት አውሮፕላን ነው። አብሮት የተሰጠው ጠመንጃ ስሙ ኤምለስ ነው፤ ዒላማ የለሽ እንደ ማለት። መምታት የማይችል ተኳሽና ወዴት እንደሚተኩስ ግድ የሌለው ጠመንጃ አንድ ላይ ታሰሩ። ሹርሾት የሚባለውን ደግሞ ውሰዱ፤ ስሙ የማይስት ማለት ነው፤ ጓደኛው ስፖይልስፖርት ነው፣ ጨዋታ አበላሽ። ስሞቹን ብቻ የሰማ ልጅ እንኳ ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መለዋወጫ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አያስነሣም። የመኪናዬ ጎማ ከመኪናዬ ጋር ይስማማ ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ፈረሱ የጌታው ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌታው በእሱ አይጠራም ነበር። ታርጌትማስተርስን ሳይ የሚታየኝ ይህ ዓይነት ትስስር ነው፤ ትንሹ ከሌለ ትልቁ ስሙ ይጎድላል። በ1988 የመጡት ስድስቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ትንንሾች ነበሯቸው። ከእነሱ መካከል የአንዱ ትንሽ ሲጠፋ የቀሩት ሁለቱ ጎዶሎነታቸው ያስታውቃል።

ልጅን ከጠመንጃ ጋር ያላምዳሉ ለሚለው።

ይህን ነጥብ አቅልዬ ማለፍ አልችልም። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። መጫወቻ መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ ሽጉጡ ላይ አልነበረም። ጥቁር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ታሪክ በልቡ ይዞ ነው ሱቅ የሚገባው። እውነተኛ የሚመስል መጫወቻ ሽጉጥ ቤቴ አይገባም፤ ሌላ ልጅ ይዞ ከመጣም ልጄ እንዳይነካው ነግሬዋለሁ።

እንዲያውም ትራንስፎርመርስ ራሱ እንዲህ ያለ መጫወቻ ነበረው። የክፉዎቹ ሮቦቶች መሪ የመጀመሪያው ሜጋትሮን ከታካራ የማይክሮ ቼንጅ መጫወቻዎች የተወሰደ ነው። እነዚያ መጫወቻዎች በቤት ውስጥ በሚገኙ ነገሮች ልክ የተሠሩ ሮቦቶች ናቸው፤ ካሴት፣ የካሴት ማጫወቻ፣ ካሜራ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሽጉጥ። ሜጋትሮን ቫልተር ፒ38 የተባለውን የጀርመን ሽጉጥ ይመስላል። በልጅ እጅ ይያዛል፤ ምላጭ አለው፤ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ሽጉጥ ነው። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መሣሪያ የሚመስሉ መጫወቻዎች ብርቱካናማ ጫፍ እንዲኖራቸው አስገደደ፤ በ1990ዎቹ ሜጋትሮን ሲመለስ ታንክ ሆኖ መጣ። ጸሐፊው ስለዚያ አሮጌ ሜጋትሮን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው ጋር እቆም ነበር።

ቆሻሻ ውስጥ የገቡት ግን እሱን አይመስሉም። የታርጌትማስተር ትንሽ በልጅ እጅ ሲያዝ ጠመንጃ መሆን አይችልም። እጀታው ከእርሳስ የቀጠነ ነው፤ ጣት የሚገባበት ምላጭ የለውም። ታናሽ ወንድም ላይ ልደቅን ቢሉ የሚታየው የታጠፈ ጣት ብቻ ነው። ጠመንጃ የሚሆነው ልጁ አንሥቶ በሮቦቱ ጡጫ ውስጥ ሲሰካው ነው። ያኔ ልጁ ተኳሽ መሆኑ ይቀርና ተራኪ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎችን ከላይ ሆኖ ያነጋግራል። ልዩነቱን ለማየት ሽጉጥ የያዘ ልጅንና እነዚህን የያዘ ልጅን ለአምስት ደቂቃ መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ይሮጣል፤ ሁለተኛው ወለል ላይ ተቀምጦ በሁለት ድምፅ ያወራል።

ከዚህም በላይ፣ ጸሐፊው የፈሩትን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት ያነሣው ራሱ የእነዚህ መጫወቻዎች ታሪክ ነው። በ2002 የመጣው አርማዳ የተባለው ተከታታይ የካርቱን ፊልም ሚኒኮን ስለሚባሉ ትንንሽ ሮቦቶች ነው። ሚኒኮን ከትልቅ ሮቦት ጋር ሲያያዝ የትልቁ ኃይል ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የሮቦቶቹ ፕላኔት በሆነችው በሳይበርትሮን በሚካሄደው ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ይሻሟቸዋል፤ ይይዟቸዋል፤ ይጠቀሙባቸዋል። ሚኒኮኖቹ የሰው መሣሪያ ሆነው መኖር ሰልችቷቸው በመርከብ ይሸሻሉ። መርከቧ ትሰበርና በጨረቃና በምድር ላይ ይበተናሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ልጆች ያገኟቸዋል። ከእነሱ ሦስቱ፣ ጀትስቶርም፣ ሩንዌይና ሶናር፣ ሲጋጠሙ ስታር ሴበር የሚባል ሰይፍ ይሆናሉ፤ ያንን ሰይፍ ለመያዝም ትልልቆቹ ይፋጃሉ። የታሪኩ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ መሣሪያው ሕያው ከሆነ፣ እሱ ራሱ ምን ይላል?

የጦርነት ታሪክ ነው፤ ሰላም ያስተምራል ብዬ አላጋንንም። የማውቀውን ግን ልናገር። ባለፈው ክረምት ልጄ አንዱን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ትልቁን ሮቦት ባዶ እጁን ይዞት መጣ። ጠመንጃውስ የት አለ ብዬ ስጠይቀው፣ «አባዬ፣ ዛሬ ጠመንጃ መሆን አልፈልግም ብሏል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ አላጠፈውም፤ ማታም እንደ ቆመ ተኛ። ተራ የፕላስቲክ ጠመንጃ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ሐሳብ በልጁ ጭንቅላት ከየት ይመጣ ነበር?

አሠራራቸው የረባ አይደለም ለሚለው።

ስለ 1987ቱ ከሆነ በከፊል ልክ ነው። መታጠፊያቸው ጥቂት ነው፤ ሰው ሆነው ሲቆሙ አፈሙዙ ከጀርባቸው ወይም ከራሳቸው በላይ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ክንዳቸውም እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን መለኪያውን እናስተውል። ከጣት በማትረዝም ፕላስቲክ ውስጥ የሚቆም እግር፣ የሚታወቅ ፊት፣ ቀጥ ያለ አፈሙዝና በጡጫ የሚያዝ እጀታ መግባት አለባቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሥራ ይሠራል። ትልቅ ሮቦት ላይ ያላማረውን ክፍል ጀርባው ላይ አጥፎ መደበቅ ይቻላል፤ እዚህ መደበቂያ የለም። አንዱን ፈትቼ በገጠምኩ ቁጥር ያኔ የነደፉትን ሰዎች አከብራለሁ።

እጀታው ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ትንንሾቹ በትልልቆቹ እጅ የሚገቡበት እጀታ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ይህ ልክ ከትራንስፎርመርስ በፊት የነበረ ነው፤ ታካራ በ1974 በጀመረው ማይክሮማን በተባለ መጫወቻ ላይ የነበሩት ቀዳዳዎች 5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሰሪዎቹ ይህን ልክ ስላልተዉት፣ ዛሬ የተገዛ ሮቦት አባቱ በልጅነቱ የተጫወተበትን ትንሽ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ሳይቸገር ይይዘዋል። ስልኬ ከሦስት ዓመት በፊት በገዛሁት ገመድ አይሞላም፤ እነዚህ ግን ከአርባ ዓመት በፊት ከተሠሩት ጋር ይገጣጠማሉ። የረባ አሠራር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ሥራውም በ1987 አልቆመም። ስታር ሴበርን ቀደም ብዬ ጠቅሻለሁ፤ ሦስቱ እያንዳንዳቸው አውሮፕላንም ሮቦትም ይሆናሉ፤ ከዚያ ተጋጥመው አንድ ሰይፍ ይወጣቸዋል። በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ሦስት መልክ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ታካራ ቶሚ በጃፓን አርምስ ማይክሮን የተባሉትን አወጣ፤ እነዚህ ሳይገጣጠሙ ይመጣሉ። ልጁ ክፍሎቹን ከማያያዣ ፍሬማቸው ይነቅላል፣ ይገጥማል፣ ስቲከራቸውን ይለጥፋል፣ መሣሪያ የሚሆን ሮቦት በገዛ እጁ ይሠራል። ጸሐፊው ልጁ የተዘጋጀ ነገር ይቀበላል እንጂ ምንም አያስብም ማለታቸው እዚህ ላይ አይሠራም። ሲጅ በሚባለው የትራንስፎርመርስ መጫወቻዎች መስመር፣ በ2018 መጨረሻና በ2019፣ ባትል ማስተርስ የሚባሉ ትንንሾች መጡ፤ ከእነሱ መካከል ኤምለስና ብሎውፓይፕ የሚሉትን ስሞች ሳይ እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የተቀበልኳቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሰው በተሻለ መታጠፊያ፣ በተሻለ ፊት። በዚያው መስመር ማይክሮማስተርስ የሚባሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ሲሆን፣ ለየብቻቸው ተሽከርካሪ የሆኑት ሁለቱ ሲጋጠሙ አንድ መሣሪያ ይሠራሉ።

ልጅ ያንቃሉ ለሚለው።

እውነት ነው፤ ክርክር የለኝም። በአሜሪካ ሕግ መለኪያው 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ነው። ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በተሠራ መጫወቻ ውስጥ ሊገኝ አይፈቀድም። ቤት ውስጥ ብዙ ወላጆች ባዶውን የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ይጠቀማሉ፤ በቀዳዳው የሚያልፍ ነገር ለሕፃን አይሰጥም። ታናሽ ሕፃን ያለበት ቤት ትንንሾቹ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከፍ ብለው ይቀመጡ። የጸሐፊው የእህት ልጅ ግን ትምህርት ቤት የገባ ነው ተብሎ ተጽፏል።

መሰብሰብ ገንዘብ መበተን ነው ለሚለው።

አሜሪካ የገባሁት በ2003፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ አንድ ቀን ከኪሱ ትንሽ አውሮፕላን አወጣና ሮቦት አደረገው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ሩንዌይ ነበር። ስሙን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፤ ያኔ የስታር ሴበር ሲሶ እንደያዝኩም አልገባኝም። በማግስቱ ልጁ ሌሎቹን ሁለቱን ይዞ መጣ፤ ሦስቱን ገጣጥመን ሰይፉን ሠራን። ያለ አንድ ቃል የተግባባንበት የመጀመሪያው ቀን ነው። በዓመቱ ቤተሰቦቹ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄዱ ሩንዌይን አልመልስም ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም አልጠየቀኝም። ጀትስቶርምን በ2009 ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ በድብልቅ ከረጢት ውስጥ አገኘሁት። ሶናርን ለማግኘት ሌላ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያወጣሁት ገንዘብ ለሦስቱ አንድ ምሳ አይሞላም።

በትርፍ ለመሸጥ ብሎ የሚገዛን ሰው ግን ጸሐፊው ቢያስጠነቅቁት ደግ ነው። የድሮዎቹ ትንንሾች በቀላሉ ስለሚጠፉ፣ የተሟላ ጥንድ ከጎዶሎው በብዙ ይወደዳል። ለዚህም ሲባል ትንንሾቹን ብቻ አስመስለው የሚያመርቱ አሉ፤ አንዳንድ ሻጭም እንደ ኦሪጂናል አድርጎ ያቀርባቸዋል። ወርቃማ ቅንጣት የተቀላቀለበት አሮጌ ፕላስቲክ በዕድሜ ብዛት ተሰባሪ ይሆናል፤ በጥንቃቄ ቢያጥፉትም እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። ሰብሳቢዎች የወርቅ ፕላስቲክ በሽታ ይሉታል፤ መድኃኒት የለውም። ነጩ ፕላስቲክ በፀሐይ ይበልዛል፤ መስኮት አጠገብ አይደርደር። መታጠፊያው እምቢ ካለ በጉልበት መሞከር አይገባም፤ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት አቆይቶ ቀስ ብሎ ማላላት ነው። አንዱን በጉልበቴ ሰብሬ ነው ይህን የተማርኩት፤ የተሰበረው እግር እስከ ዛሬ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደዚያ ካርቶን ልመለስ። የእህትዎ ልጅ ዘንድ የቀሩትን ትልልቅ ሮቦቶች ጡጫቸውን ይመልከቱ፤ ክብ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ሄዷል፤ መመለስ አይቻልም። እኔ ዘንድ ግን ሁለት ሁለት የሆኑብኝ ትንንሾች አሉ። የእያንዳንዱን ሮቦት ፎቶ፣ ከፊትና ከጀርባ፣ ይላኩልኝ። የማንኛው ጓደኛ የትኛው እንደሆነ ለይቼ፣ ያሉኝን በፖስታ ለልጁ እልክለታለሁ። የሌለኝ ካለም ስሙን ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እንፈልገዋለን።